ሁለት መቶ አሥራ አራት ሴቶች

«ኮምፒውተሩን አምጪው አልኩሽ እኮ!» አሉ ጋሼ ምንተስኖት፣ ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ለቀስተኞች እንዳይሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የእርሻው ሥራ አስኪያጅ ከሰዓት ይመጣል። ቃል ገብቼለታለሁ።»

ኮከብ ከእናቷ አልጋ ጫፍ አልተነሳችም። እናቷ ዘርፉ ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው።

«የእናቴን ዕቃ እርስዎ ምን አግብቶዎት ነው ቃል የሚገቡት?»

«እህቴ ናት! ደግሞ እንጀራዬ እዚያ እርሻ ላይ ነው። ያ ሁሉ ወሬ ይሰረዝና ይብቃ። እሷም ትረፍ፣ እኛም እንረፍ።»

ወሬ ያሉት የሁለት መቶ አሥራ አራት ሴቶችን ድምፅ ነው። ዘርፉ ዓለም ጤና ከተማ አካባቢ ነርስ ሆና ስትሠራ፣ ከአንድ የሽንኩርት እርሻ እጃቸው የተላላጠ፣ ፅንስ ያስወረዳቸው ሴቶች በየሳምንቱ ይመጡባት ነበር። እርሻው የሚረጨው የተባይ መድኃኒት ሳይሆን ፀሐዩ ነው ይላል። ዘርፉ በስልኳ ትቀዳቸው ጀመር። ጡረታ ወጥታ አዳማ ከገባች በኋላም በየሐሙሱ በሚኒባስ እየተመላለሰች ትቀዳ ነበር።

አንድ ጊዜ ኮምፒውተሯ ተበላሽቶ የአርባ ሴቶች ድምፅ ጠፋ። ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። በሦስተኛው ቀን መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒውተር የሚጠግነው ኢስሃቅ ዘንድ ሄዳ «ዳግመኛ እንዳይጠፋ የሚደረገውን አስተምረኝ» አለችው። ኮምፒውተሩ ላይ በሚከፈት ጥቁር መስኮት ትእዛዝ እየጻፉ ፋይል መጠቅለልና መገልበጥ አስተማራት። ኮከብ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የስፌት ሥራ ስትመለስ እናቷ መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ፊደል ስትለቅም ታገኛታለች።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ የልጆች ነገር ነው።»

«እኔስ የማን ልጅ ነኝ?»

ያኔ ስቃ አልፋዋለች። አሁን ትእዛዞቹ የተጻፉበትን የእናቷን ደብተር ከትራሷ ሥር አወጣች። ከደብተሩ ጋር ሁለት ፍላሾች ነበሩ። ኮምፒውተሩን አቅፋ በጓሮ ሳይሆን በፊት ለፊት ወጣች፤ ድንኳኑ ውስጥ ገብታ ሴቶቹ መሃል ተቀመጠችና ከፈተችው።

«ምነው ልጄ፣ በሐዘን ቀን?» አለች አንዲት ጎረቤት።

ከዓለም ጤና በጠዋት የመጣችው ሱሃይላ ጠጋ አለች። የእጇ ቆዳ እስከ ክርኗ ተጨማዷል።

«የእኔም ድምፅ አለበት?»

«አለ። ሰባተኛዋ ነሽ።»

«እንግዲያው ጻፊ። አላህ ያጥናሽ፣ እኔ እዚሁ ነኝ።»

ኮከብ ከደብተሩ እያየች ፊደል በፊደል ጻፈች። በመጀመሪያው ትእዛዝ ድምፆቹ ሁሉ አንድ ጥቅል ሆኑ። ከሁለተኛው በላይ ዘርፉ በቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ብላለች፦ «ከየት የሚለው ይቀድማል፤ ወዴት የሚለው ይከተላል። ካገላበጥሽው የፍላሹ አሮጌ ቅጂ አዲሱን ያጠፋዋል። አትቸኩዪ።» ለራሷ ነው የጻፈችው ወይስ ለልጇ? ኮከብ መስመሩን ሦስት ጊዜ አነበበችና አስገባችው።

ጥቅሉ ሁለተኛው ፍላሽ ላይ ሲገለበጥ ሥራ አስኪያጁ ከጋሼ ምንተስኖት ጋር ገባ። እጅ ነሥቶ ተቀመጠ፤ ዓይኑ ግን ኮምፒውተሩ ላይ ነበር።

«እግዜር ያጥናሽ። ከአጎትሽ ጋር የተነጋገርነው ነገር ነበር።»

«አሜን። ከእኔ ጋር ግን አልተነጋገሩም።»

«ኮከብ!» አሉ ጋሼ ምንተስኖት ጥርሳቸውን ነክሰው።

ኮከብ የመጨረሻውን ትእዛዝ ጻፈች፤ ከእያንዳንዱ ቅጂ ረጅም ቁጥር የሚያወጣውን። የኮምፒውተሩና የሁለቱ ፍላሾች ቁጥሮች አንድ ከሆኑ አንዲት ቃል አልጎደለችም ማለት ነው። በጣቷ እየተከተለች አመሳከረች። አንድ ናቸው።

አንዱን ፍላሽ ነቅላ ለሱሃይላ ሰጠቻት። ሱሃይላ ሥራ አስኪያጁን ዓይን ዓይኑን እያየች ጡቷ ሥር ከተተችው። ሌላውን ኮከብ መቀነቷ ላይ ቋጠረችው።

«አይሰረዝም» አለች ኮከብ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «እናቴ ስትሞት የሚያበቃ መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። ከሐሙስ ጀምሮ እኔ ነኝ የምሄደው። ጌታዬ፣ ለቅሶ ከመጡ ደግሞ ቁጭ ይበሉና የእናቴን ሥራ ይስሙላት።»

ከጥቅሉ አንዱን ድምፅ ከፈተች። ሥራ አስኪያጁ የተቀዳችው ሴት ስሟን ተናግራ ሳትጨርስ ብድግ ብሎ ወጣ። ጋሼ ምንተስኖት እስከ ድንኳኑ በር ተከተሉት። እዚያ ቆሙ። ከዚያ ተመልሰው ራሳቸውን ደፍተው ተቀመጡ።

ሴትየዋ ስለ ሞተባት ፅንስ እየተናገረች ነው። መሃል ላይ ሌላ ድምፅ ገባ፤ የዘርፉ ሳል። ደረቅ፣ ረጅም ሳል። «ይቅርታ የኔ እናት፣ ቀጥዪ» አለች።

ኮከብ ሳታስበው ጆጉን አንስታ ውኃ ቀድታ ነበር። ብርጭቆውን ወደ ኮምፒውተሩ እንደዘረጋች እጇ አየር ላይ ቀረ።