ሰባት ጣቶች

በፈረንሳይኛው ክፍል አንድ ያልተጻፈ ሕግ ነበር፤ «አልገባኝም» ያለ ተማሪ ደወል እስኪደወል ሰሌዳው አጠገብ ይቆማል። አስተማሪው ምንም አይናገሩም። በጠመኔያቸው ወደ ሰሌዳው ያመለክታሉ፣ ተማሪው ይነሣል፣ ክፍሉ ይስቃል፣ ትምህርቱ ይቀጥላል። «ሙስዩ» የሚለው ቃል ያልቀናቸው የድሮ ተማሪዎች «ሙሴ» ብለዋቸው ስሙ በዚያው ጸንቷል።

ትምህርት ቤቱ ተማሪዎችን ከእሳቸው ጋር ወደ ውጭ አገር ሊልክ በተነሣ ጊዜም የሙሴ ምክር ከሕጋቸው ብዙ አልራቀም።

«እዚያ ሄዳችሁ እንዳታዋርዱኝ» አሉ። «ሰው ሲያናግራችሁ አፍ ከፍቶ መቅረት የለም። ፈገግ በሉ። 'ዊ፣ ቢያን ሱር' በሉ። አዎ፣ እንዴታ! ከዚያ ወሬ መለወጥ ነው።»

ይህን ምክር ቱርጁማንን ያህል ከልቡ የያዘው አልነበረም። ቱርጁማን፣ ማለትም አስተርጓሚ፣ ያሏት ራሳቸው ሙሴ ናቸው። ግስ ስታረባ አትደናቀፍም፣ ቃለ ጽሕፈት ላይ ቀይ እስክሪብቶ ነክቷት አያውቅም፣ ሰሌዳው አጠገብም ቆማ አታውቅም። እዚያ አገር አውሮፕላን ማረፊያ ደርሰው አንዲት ሴት በማይክሮፎን መናገር ስትጀምር ግን ሌላ ቋንቋ መሰላት። ሙሴ ፈረንሳይኛን ቃል በቃል፣ እንደ ዶቃ እየለቀሙ ነበር የሚያቀብሏቸው። ይህ ግን እንደ ፈነዳ ቧንቧ የሚንዠቀዠቅ ነገር ነው። እዚህም እዚያም አንድ አንድ ቃል ጨለፈች፤ የቀረውን ከራሷ ሞላችው። «ሻንጣችን በዚያ በኩል ነው» አለች በእርግጠኝነት። ሁሉም ተከተላት። ሻንጣውም እንደ ዕድል ሆኖ በዚያ በኩል ነበር።

ሁለት ሁለት እየሆኑ በየቤቱ ሲመደቡ ዱስማ ደረሰቻት። ዱስማ ማለት «ቀስ ብለው» ማለት ነው፤ ልጅቱ ሳትፈራ የምትናገረው ብቸኛ ፈረንሳይኛ ስለሆነ መጠሪያዋ ሆኗል። «ሰሌዳው ከእናቷ ይበልጥ ያውቃታል» ይሏታል ልጆቹ።

የተቀበሏቸው ሰው ጡረታ የወጡ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ናቸው። ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ ቤት ናት። በሩ ጀርባ ላይ ግራጫ የሴት ካፖርት ተሰቅሏል። ከሬዲዮው በላይ ደግሞ ፀጉሯን በሻሽ ያሰረች፣ የምትስቅ ሴት ፎቶ አለ። ለእንግዶቹ በተዘጋጀው ክፍል ሁለት አልጋዎች ቢጫ አንሶላ ለብሰዋል፤ የካውያው እጥፋት ገና አልጠፋም። በየትራሱ ላይ አንዳንድ ትንሽ ሳሙና ተቀምጧል።

የመጀመሪያው ቀን ራት ላይ ሾፌሩ ብዙ ተናገሩ። ወደ ፎቶው አመለከቱ፣ ወደ መኝታ ክፍሉ አመለከቱ፣ ወደ መስኮቱ፣ ከዚያ ወደ ልጆቹ። ቱርጁማን «ሚስቴ» የሚለውን ያዘች። «ቅዳሜ» የሚል ነገርም ሰምታለች። ሰውየው ጨርሰው መልስ ጠበቁ።

ፈገግ አለች። «ዊ፣ ቢያን ሱር!»

ሾፌሩ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። እጇን በሁለት እጃቸው ያዙና ለጥቂት ጊዜ ሳይለቁ ቆዩ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

መኝታ ክፍል ገብተው በሩን ሲዘጉ ዱስማ ቸኮለች። «ምን አሉ? ምን አሉ?»

«ስለ ሟች ሚስታቸው ነው። ቅዳሜ ዕለት ነው የሞተችው።»

«ውይ! ነፍስ ይማር።» ዱስማ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «ታዲያ ሳሙናውን ማን አስቀመጠው? ወንድ ልጅ ሳሙና ትራስ ላይ አያስቀምጥም።»

«እዚህ አገር ያስቀምጣል።»

«ካፖርቷስ? እስካሁን በር ላይ?»

«ናፍቋቸው ነዋ!»

«እስቲ ነገ ጠይቂያቸው።»

«አንቺ ደግሞ! ሐዘን በጥያቄ ይነካካል እንዴ? ተኚ።»

ቱርጁማን ግን አልተኛችም። መጠየቅ ትችል ነበር። ከጠየቀች ግን ሰውየው እንደገና ይናገራሉ፣ እንደገና አይገባትም፣ ይህንንም ዱስማ ታያለች። ዱስማ ካየች ክፍሉ በሙሉ ይሰማል። ክፍሉ ከሰማ አባቷ ጆሮ ይደርሳል። አባቷ አናጢ ነው። በየማታው ደውሎ ስልኩን መላጊያው አጠገብ ያስቀምጥና የሥራ ጓደኞቹ እንዲሰሙለት ድምፁን ይለቀዋል። «ልጄ ፈረንጆቹን በገዛ ቋንቋቸው ታንጫጫቸዋለች» እያለ ሰፈሩን አሰልችቷል።

ሾፌሩ ዓርብ ማታ ወጥ ቤት ውስጥ ሰማያዊ የሴት ቀሚስ ሲተኩሱ አመሹ ቢባል ይቀላል። አንገትጌውን ሦስቴ መለሱት። ዱስማ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። «የሞተ ሰው ቀሚስ ይተኮሳል?» ቱርጁማን «ማስታወሻ ነው» አለች፤ ድምፅዋ ግን ለራሷም ቀጠነባት።

ቅዳሜ ጠዋት ሰውየው ከረባት አድርገው ጠበቋቸው። ቀሚሱን በላስቲክ ሸፍነው ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለዋል፤ በሌላው እጃቸው በክር የታሰረ የኬክ ካርቶን ይዘዋል። እየተጣደፉ ብዙ ተናገሩ። ካርቶኑን አስቀምጠው አንዱን እጃቸውን ሙሉ፣ ከሌላው ሁለት ጣት አወጡ። ሰባት። ከዚያ ሁለት የአውቶቡስ ቲኬት ቱርጁማን መዳፍ ውስጥ አስቀምጠው ጣቶቿን አጠፉላት። «እሺ?» እንደማለት አዩዋት።

«ዊ፣ ቢያን ሱር!»

ሾፌሩ ካርቶኑን አንሥተው እየሮጡ ደረጃውን ወረዱ።

«ሰባቱ ምንድን ነው?» አለች ዱስማ።

«ራት በእነሱ ሰባት ሰዓት ነው። እስከዚያ ዙሩ ነው የሚሉት። ቲኬቱም ለዚያ ነው።»

በቲኬቱ መሀል ከተማ ሄዱ። ከክፍል ጓደኞቻቸው ጋር ሱቅ ለሱቅ ዞሩ፣ አይስክሬም በሉ፣ ፏፏቴ አጠገብ ፎቶ ተነሡ። ቱርጁማን ለሁሉም ዋጋ ጠየቀችላቸው፤ ቁጥር ይገባታል። ማታ ልክ በእነሱ ሰባት ሰዓት ተመለሱ። በሰዓቷ ስለተመለሰች ቱርጁማን በራሷ ኮርታ ነበር።

ሾፌሩ ወጥ ቤት ተቀምጠዋል። ከረባታቸው ላልቷል። የኬኩ ካርቶን፣ ክሩ እንኳ ሳይፈታ፣ ፊታቸው አለ። ሲያዩዋቸው ከወንበራቸው ተነሡና ሁለቱንም ከራስ እስከ እግር አዩአቸው፤ ደኅና መሆናቸውን እንደሚያረጋግጥ ሰው። ከዚያ መናገር ጀመሩ።

«ዱስማ፣ ሲል ቩ ፕሌ» አለች ዱስማ፤ እባክዎ ቀስ ብለው ማለቷ ነው።

ሰውየው ቆም አሉና ቀስ ብለው ጀመሩ። ሚስቴ። ወደቀች። እግሯ፣ እዚህ ጋ፣ ተሰበረ። አሁን ማገገሚያ ቤት ናት። እናንተን እንድንቀበል የተመዘገበችው እሷ ናት። አንሶላውን እሷ መረጠችው። ሳሙናውን ከአልጋዋ ሆና እንዳስቀምጥ አዘዘችኝ። ዛሬ ፀጉሯን አሠራች፣ ቀሚሱን አለበስኳት። መስኮቱ ጋ ጠበቀች። ኬኩን ልጆቹ ሳይመጡ አይቆረስም ብላ መለሰችው።

ቱርጁማን ከመጣች ጀምሮ አንድ ንግግር ከዳር እስከ ዳር ሲገባት ይህ የመጀመሪያው ነበር። አንድም ቃል አላመለጣትም።

ሰውየው ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ሰባት ቁጥር አውቶቡስ ብዬ ብቻ ተውኳችሁ። ፌርማታው ላይ ቆሜ የመጣውን አውቶቡስ ሁሉ አየሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳሳፍር ኖሬ፣ እንግዳ መንገድ እንደማያውቅ እንዴት ይጠፋኛል? መንገዱ ጠፍቷችሁ ነው፣ አይደል?»

ይህም ገባት። መልሱም በፈረንሳይኛ አጭር ነው፤ ትችለዋለች።

«ዊ» አለች።

ክፍላቸው ሲገቡ ዱስማ ጫማዋን እየፈታች ጠየቀች። «መንገድ ጠፍቶን ነበር እንዴ?»

«ዝም በይ።»

«ኧረ እኔማ ዝም ብያለሁ። መቼ ተናግሬ አውቃለሁ?»

ስልኩ ጮኸ። አባቷ ነበር፤ ከጀርባው የመጋዝ ድምፅ ይሰማል። «እህሳ የኔ አንበሳ፣ ዛሬስ ምን አወራችኋቸው?»

«ደክሞኛል አባዬ።»

«ቆይ ቆይ፣ እነዚህ ሰዎች አላምን ብለውኛል። እስቲ አንድ ነገር ጣል አድርጊላቸው!»

መጋዙ ቆመ፤ እየጠበቋት ነው።

«ዊ፣ ቢያን ሱር» አለች።

በስልኩ ውስጥ አጨበጨቡላት።

እሑድ ጠዋት ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወስዳቸው አውቶቡስ የተቀበላቸው ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሞ ነበር። ጡረተኛው ሾፌር የሁለቱን ልጆች ሻንጣ ጎትተው፣ ካርቶኑን በብብታቸው ይዘው መጡ። ከረባታቸው እንደገና ጠብቋል። በቀጥታ ወደ ሙሴ ሄዱና ባርኔጣቸውን አውልቀው ተናገሩ። ወደ መንገዱ አመለከቱ፣ ወደ አውቶቡሱ፣ ወደ ልጆቹ፣ ከዚያ እጃቸውን መስኮት እንደሚከፍት ሰው አደረጉ።

ሙሴ ፈገግ አሉ። «ዊ፣ ቢያን ሱር!» ብለው ትከሻቸውን መታ መታ አደረጉና ወደ ሻንጣው ጭነት ዞሩ።

ቱርጁማን ያን ፈገግታ አወቀችው። ጉንጭ ላይ የት ጋ እንደሚያምም፣ ዓይን ውስጥ ምን እንደሚደብቅ ታውቀዋለች። ሙሴም አልገባቸውም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰሌዳው አጠገብ ሰው ሲያቆሙ የኖሩት ሙሴ!

ሾፌሩ ግን ፊታቸው በርቷል። አውቶቡሱ በር አጠገብ ሄደው፣ ካርቶኑን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ።

«መምህር» አለች ተጠግታ፣ «ምን አሉዎት?»

«ምስጋና ነው፣ ምስጋና ነው። ግቢ፣ አትዘግዪን።»

ልጆቹ መግባት ጀመሩ። እሷም ዝም ብላ ብትገባ ማንም አያውቅባትም። አውቶቡሱ ይሄዳል፣ ሰውየው ከነካርቶናቸው እዚያው ይቀራሉ፣ የሆነ ቦታ አንድ መስኮት ጋ ሰማያዊ የለበሱ ሴት ይጠብቃሉ። ዛሬም።

ወደ ሾፌሩ ሄደች። «አልገባኝም» አለች በፈረንሳይኛ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለሆነ ይመስላል፣ ድምፅዋ ከልክ በላይ ጮኸ።

ከአውቶቡሱ መስኮት አንዱ ልጅ ሰማት። «ሰሌዳ! ቱርጁማን፣ ወደ ሰሌዳው!» ሳቁ ከፊት እስከ ኋላ ወንበር ተቀባበለ። ሙሴ ሻንጣ እንደያዙ ቀና አሉ።

ለሾፌሩ ጀርባዋን አልሰጠችም፤ ወደ አውቶቡሱም ፊቷን ማዞር አልቻለችም። «ዛሬ ብቻ አይደለም» አለች፤ ግሱ ሁሉ ተበላሽቶባታል። «ትናንት መንገድ አልጠፋንም። የተናገሩት አልገባኝም ነበር። አዎ ያልኩት እንዲሁ ነው።»

የሰውየው ፈገግታ ባንዴ አልጠፋም፤ ቀስ እያለ ነው የሄደው። ካርቶኑን አዩ። «የመጀመሪያው ቀንም?»

«የመጀመሪያውም ቀን።»

ያን ማታ እጇን የያዙበትን እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ።

ዱስማ ከአውቶቡሱ ወርዳ መጥታ አጠገባቸው ቆመች። «ዱስማ፣ ሲል ቩ ፕሌ።» ሾፌሩ ለእሷ፣ ለእሷ ብቻ፣ ቀስ ብለው ነገሯት። ዱስማ ወደ ሙሴ ዞረች።

«መምህር፣ ማገገሚያ ቤቱ መንገዳችን ላይ ነው አሉ። ለትንሽ ጊዜ ቁሙልኝ፣ እኔም አብሬ ልሂድ ነው የሚሉት። ሚስታቸው ይጠብቃሉ።»

ሙሴ ማንንም ሳያዩ የሻንጣውን መያዣ አስተካከሉ። «እኔም እንደዚያው ነው የሰማሁት» አሉ። «ግቡ።»

መንገዱን ሙሉ ጡረተኛው ሾፌር ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው መንገዱን ሲያዩ ሄዱ። ከኋላ ሹክሹክታ ነበር። ቱርጁማን ጉልበቷ ላይ ያሉትን የራሷን እጆች አየች።

ማገገሚያ ቤቱ ዝቅ ያለ ነጭ ሕንፃ ነው። ሴትዮዋ ምድር ቤት፣ የተከፈተ መስኮት ጋ፣ ባለጎማ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሰማያዊው ቀሚስ አንገትጌው ቀጥ ብሏል። ፀጉራቸው ግን በተኙበት በኩል ተጋድሟል፤ የተሠራው ለትናንት ነው። ሁለቱ ልጆች ሲጠጉ እጃቸውን በመስኮቱ አወጡና የቱርጁማንን ፊት ያዙ። እየሳቁ፣ እየቸኮሉ፣ ብዙ ተናገሩ።

ቱርጁማን ጉንጯ በራሱ ጊዜ ወደ ፈገግታ ሲሄድ ተሰማት። ከለከለችው።

«ይቅርታ» አለች። «አልገባኝም።»

ሴትዮዋ ግራ ተጋብተው ወደ ባላቸው ዞሩ። ሾፌሩ ልጅቱን ሳያዩ የካርቶኑን ክር እየፈቱ መለሱ። «ቀስ በይላት።»

ሴትዮዋ ጣታቸውን አንድ ባንድ እያነሡ ከመጀመሪያው ጀመሩ። አንሶላው። ቢጫው። ተመቻችሁ?

ገባት።

«ዊ» አለች።

ሾፌሩ ከክሩ ቀና ብለው፣ እውነቷን መሆኑን ለማወቅ፣ ፊቷን አዩ።