በሁዳዴ የተበላው ዶሮ

እኛ ሐበሾች በሰፈርንበት ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ታሪክ ያልሠራ ሰው እንደሌለ ያወቅኩት ዘፈን ልጽፍ ስነሳ ነው።

ከዓመታት በፊት በመጋቢት ትልቅ በረዶ ወርዶ 15 ቁጥር አውቶቡስ መንገድ ላይ ሲቀር፣ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ተሳፋሪዎቹን ሬስቶራንታቸው አስገብተው አብልተው አሳድረዋል። ሬስቶራንቱ ዛሬ የስልክ መሸጫ ነው። እሳቸውም ልጃቸው ዘንድ ወደ ሌላ ስቴት ሊሄዱ ነው። ከመሄዳቸው በፊት ያቺን ሌሊት በዘፈን ለመስማት ተመኙ። ግጥሙ ለእኔ፣ ዜማው ለዘፋኙ ለሊዑል ተሰጠ። የኮሙኒቲው ሊቀመንበር ጋሽ ዳኛቸው ካጸደቁት በሽኝታቸው ዕለት ይዘፈናል።

ተሳፋሪዎቹን መፈለግ እንኳ አላስፈለገኝም። ከጎረቤት ከተሞቹ ከግሌንዴልም ከሴንቴኒያልም ራሳቸው ደወሉልኝ። ከበረዶው በኋላ ዲቪ የደረሳቸው ሰውዬ ሳይቀሩ አውቶቡሱ ውስጥ ነበሩ፤ ያውም መስኮቱ ጋ። ሁሉም ስለዚያ ሌሊት ዶሮ ወጥ ሲያወሩ ድምፃቸው ይሰበራል። ጋሽ ዳኛቸውማ አውቶቡሱን ብቻቸውን ገፍተው የዶሮው ፈረሰኛ ለእሳቸው ወጥቶላቸዋል። ይህ ግጥሙ ውስጥ እንዲገባ በትሕትና አዘዙኝ።

ያማረረው አብዱልናስር የሚባል የአውቶቡሱ ሹፌር ብቻ ነው። ማታም ሽሮ፣ ጠዋትም ሽሮ በላሁ አለኝ።

«እንቁላል ቢጠብሱልኝ ብላቸው፣ ሁዳዴ ነው፣ እስኪፈሰክ ቤቴ እንቁላል አይገባም አሉኝ።»

ከታላላቅ ጋር መከራከር አይሆንልኝም። ስለዚህ ሁሉንም እንደነገሩኝ ጻፍኩ።

በሁዳዴ ጾም ላይ በረዶው ወርዶ፣
አውቶቡሱ ቆመ መንገዱ ታግዶ።
አውቶቡሱን ገፍተው ቢደክማቸው፣
ፈረሰኛው ወጣ ለጋሽ ዳኛቸው።

ጋሽ ዳኛቸው ስማቸው ያለበትን ስንኝ ብቻ አንብበው አጸደቁ።

ልምምዱ አውሮራ በተከራየነው አዳራሽ ነበር። ወይዘሮ ዘርፈሽዋልም መጥተው ፊት ተቀምጠዋል። ሊዑል ሲዘፍን ጋሽ ዳኛቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። ፈረሰኛው ሲወጣ ልምምዱን ሊሰሙ የመጡት ሴቶች ሳቁ፤ ከመጀመሪያው ድገመው አሉት። ጋሽ ዳኛቸው «በሁዳዴ ጾም ላይ» የሚለው ሲደገም ነው ዓይናቸውን የገለጡት። እንግዲህ ወይ ዶሮ በልተው ጾም ገድፈዋል፣ ወይ ያን ሌሊት እዚያ አልነበሩም።

ጋሽ ዳኛቸው ያኔ ታምመው ስለነበር የንስሐ አባታቸው እንደፈቀዱላቸው ተናገሩ።

«ለአንተ ፈቅደው ይሆናል ዳኛቸው» አሉ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል። «ለእኔ ድስት ግን አልፈቀዱም።»

ጋሽ ዳኛቸው ስንኟን አስወጡ። ዘፈኑ ረዝሟል አሉ እንጂ ሌላ ምክንያት የላቸውም። በዚያው ሳምንት ሌሎቹም እየደወሉ፣ ለካ ያን ቀን ሥራ ላይ እንደነበሩ ትዝ አላቸው። ዲቪው ሰውዬ ብቻ አልደወሉም፤ እሳቸውን እኔው ከአውቶቡሱ አወረድኳቸው።

በሽኝቱ ዕለት ዘፈኑ ተዘፈነ። ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ሊዑል ሽሮው ያለበት ስንኝ ላይ ሲደርስ ተነስተው አጨበጨቡ። አውቶቡሱ ውስጥ የቀረው አብዱልናስር ብቻ ነው፤ እሱም እንቁላሉን ለምን አላስገባህም ብሎ እስካሁን አኩርፎኛል።