የመረረው ሾርባ

ወንድሜ ውጤቱን ለመስማት ዶክተሯ ክፍል ከተቀመጥንበት ደቂቃ ጀምሮ አፉ አላረፈም። ልብስ ሰፊ ነው፤ ምላሱ ስለሚቆርጥ ሰፈሩ «መቀስ» ይለዋል።

«ዛሬ ለቫይረሱ ከፈን እለካለታለሁ» አለኝ።

እኔ ሳቅሁ። እማዬ አልሳቀችም። የቦርሳዋን ማንገቻ በጣቷ ጠምጥማ ወለሉን ታያለች።

የጉበቱ ቫይረስ ሲወለድ ከእሷ የተላለፈ ነው። ለዓመታት በየቀኑ በሚውጠው ክኒን ታፍኖ ኖሯል። አሁን በገባበት የምርምር ሕክምና ግን የሰውነቱን መከላከያ የሚቀሰቅስ መርፌ ወጉትና ክኒኑን አስቆሙት፤ ሰውነቱ ብቻውን ይችለው እንደሆነ ለማየት። የተረፈውን ክኒን መልሱ ሲባል እማዬ «ጣልኩት» ብላ ነበር።

ዶክተሯ ፊቷ በርቶ ገባች።

«ቫይረሱ ደሙ ውስጥ አይታይም፤ ያውም ያለ ክኒን! ከእንግዲህ ምርመራውንም እናራርቅለታለን።»

«አላልኩም!» ብሎ ወንድሜ ብድግ አለ፤ ለእጮኛው ሊደውል ስልኩን አወጣ።

እማዬ እጄን ጨበጠችው።

«ትናንት አለቀብኝ» አለች በጆሮዬ።

«ምኑ?»

«ክኒኑ። እየፈጨሁ በሾርባው እሰጠው ነበር።»

ቫይረሱን ያፈነው መርፌው ላይሆን ይችላላ! አሁን ክኒኑ አልቆ ምርመራው ከተራራቀ፣ ቫይረሱ ማንም ሳያየው ተነስቶ ጉበቱን ይበላዋል።

«ንገሪያት፣ እማዬ።»

«ይጠላኛል።»

«ይጥላሽ፤ ብቻ ይኑር።»

ተነሳች። «ዶክተር፣ ምርመራውን እንዳታራርቂበት» አለችና የቀረውን ወለሉን እያየች ጨረሰችው።

ዶክተሯ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ደሙን ዛሬውኑ እንደግማለን» አለች። «ከምርምሩ ግን ወጥቷል። ክኒኑን አሁኑኑ ይጀምር።»

ወንድሜ ስልኩን እንደያዘ ቀረ። «ያሸነፍኩ መስሎኝ...»

«በሽታውን ያስያዝኩህ እኔ ነኝ፤ እኔው ልግታልህ ብዬ ነው» አለችው እማዬ።

ስልኩን ኪሱ ከትቶ ወጣ።

መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ክኒኑን ሲቀበል፣ እማዬ ውኃ አቀበለችው። ብርጭቆውን ወደ ብርሃኑ አንስቶ ውስጡን መረመረ።

«ውኃ ብቻ ነው?»

«ውኃ ብቻ ነው።»

«ሾርባሽ ሲመረኝ፣ አርጅታ ነው ብዬ እኮ ነው ዝም ያልኩት» አለና፣ ሳይስቅ ዋጠው።