የፈተና ደቦ

ላቮን ያን ንግግር የሰማችው ገና ልጅ ሳለች ነው። አባቷ የመንደሩ የእህል ጎተራ መዛኝ ነበር። በመከር ሰሞን እናቷ ምሳውን በጨርቅ ቋጥራ ትልካታለች፤ እሷም አባቷ በልቶ እስኪጨርስ በሚዛን ቤቱ ደጃፍ ጥላ ይዛ ቁጭ ትላለች። የዚያን ቀን አንድ ሰው ስንዴ የጫነ መኪናውን ሚዛኑ ላይ አቁሞ አባቷን ይለማመጠው ነበር። መልኩ ጠፍቷታል፤ ትዝ የሚላት የገለባ አቧራ የለበሰው ቆቡ ብቻ ነው።

«እርጥብ ነው ብለህ እንዳትመልሰኝ በሞቴ። ትንሽ እኮ ነው። ከሌላው ጋር ከተደባለቀ ማን ያውቀዋል?»

«የእርጥበት መለኪያው ያውቀዋላ» አለ አባቷ፤ ወይም ይህን የመሰለ ነገር አለ።

«መለኪያውን የያዝከው አንተ! ዓምና ስትታመም ማሳህን ያጨደልህ ማነው? እኛ አይደለንም?»

አባቷ ምን ብሎ እንደመለሰለት አልሰማችም። ያን ጊዜ የእህል ማንሻው ሞተር ተነሣና ድምፁን ሁሉ ዋጠው። መኪናው ጎተራ ይግባ ወይም ወደ መጣበት ይመለስ እስከ ዛሬ አታውቅም፤ አባቷንም በሕይወቱ ሳለ ለመጠየቅ አልደፈረችም። የምታውቀው በረዶው ሲቀልጥ ከጎተራዎቹ አንዱ በተከፈተ ጊዜ የወጣውን ሽታ ነው። እርጥብ ስንዴ ብቻውን አይሻግትም። ከሥር ይሞቅና ሙቀቱን ለጎረቤቱ ያቀብላል፤ ጎረቤቱም እንዲሁ ያደርጋል። በመጨረሻ አካፋ ሲገባበት የኮመጠጠ ሊጥና የሞተ አይጥ አንድ ላይ ይሸታል። ትልልቅ ሰዎች አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው ሲያስታውኩ አይታለች።

አሁን ሃምሳዎቹን አጋምሳለች። ከተወለደችበት ከአሜሪካው ካንሳስ ወጥታ አታውቅም። በወረዳው ኮሌጅ የፈተና ክፍል ኃላፊ ናት፤ ልጆቹ ስልካቸውን ሣጥን ውስጥ ከተው ይገባሉ፣ እሷ ከመስተዋት ግድግዳው ጀርባ ተቀምጣ ትጠብቃቸዋለች። ሥራው ብዙ ወሬ የለውም። ማን እንደሚያውቅ፣ ማን እንደሚገምት፣ ማን ሊያለቅስ እንደደረሰ ከአተነፋፈሳቸው ትለያለች።

የሰኔ ሁለተኛው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ወጥታ ሩባርብ የሚባል ጎምዛዛ ተክል የተሞላ ፓይ ይዛ ወደ ወንድሟ ወደ ጌለን ቤት ሄደች። ገና በረንዳውን ስትወጣ የጌለን ድምፅ ተቀበላት። ጌለን የእርሻ መሣሪያ ነጋዴ ነው፤ የሚሄዱባት የሜኖናይት ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ለተራቡ ርዳታ ብለው በየዓመቱ በሚያዘጋጁት ሽያጭ ላይ በእጅ የተሰፋውን ብርድ ልብስ የሚያጫርተውም እሱ ነው። ያን የጨረታ ድምፁን አውጥቶ፣

«ቀጣይ! ቀጣይ! ማን ቀረ?» ይላል።

ገባች። ረጅሙ የምግብ ጠረጴዛ በሰው ተሞልቷል። ቬሬኒከ የሚሉት አይብ የተሞላ የሊጥ ቅቅል በአሳማ ሥጋ መረቅ ይጨሳል፤ አንዱ ባንዱ ላይ የተደረበ ትንንሽ ዳቦ በቅርጫት ተከምሯል። በጠረጴዛው ራስ የጌለን ልጅ ካሪስ ኮምፒውተር ከፍታ ፀጉሯን ጠቅልላ አስራ፣ ጣቶቿ ቁልፎቹ ላይ እንደ ዶሮ ጥሬ ይለቅማሉ። ከጎኗ የላቮን ታናሽ እህት የሮዳ ልጅ ኬንድራ ሹካዋን ይዛ ተቀምጣለች። ሌሎቹ የአጎትና የጎረቤት ልጆች ናቸው፤ ሁሉም በነሐሴ ኮሌጅ የሚገቡ።

«ነይ ነይ፣ ላቮን» አለች ሮዳ። «ኬንድራን እየፈተንናት ነው።»

«ኬንድራን?»

«አዎ፣ የምደባውን ሒሳብ።»

«የምትሠራው ግን ካሪስ ናት።»

«ካሪስ ፈጣን ናታ!» አለ ጌለን። «ኮምባይነር ያለው ያጭዳል፣ የሌለው ሳንድዊች ያመጣል። አንቺ ደግሞ ፓይ አምጥተሻል። ቁጭ በይ።»

ሁሉም ሳቁ። ላቮን ፓዩን አስቀምጣ ቆማ ቀረች። ኮሌጁ አዲስ ተማሪዎች የምደባውን ፈተና ቤታቸው ሆነው በኮምፒውተር እንዲወስዱ ይፈቅዳል። ከፍ ያለ ነጥብ ያመጣ የመጀመሪያዎቹን ኮርሶች ሳይማር ይዘልላል፤ የዘለለውም ክሬዲት ሆኖ ይመዘገብለታል። ክሬዲቱ ከመመዝገቡ በፊት ግን ተማሪው የላቮን ክፍል መጥቶ ጥቂት ጥያቄ ብቻውን ይሠራል። ደንቡ ይኸው ነበር።

«ጌለን» አለች ዝግ ብላ፣ «ይሄ ነገር ምን ይባላል?»

«መረዳዳት ይባላል! ከጎተራ ጣሪያ ወድቄ ወገቤ የተሰበረ ጊዜ ስንዴዬን ማን አጨደው? ያገሩ ኮምባይነር ሁሉ መጥቶ አይደለም? እኔ መስኮት ላይ ሆኜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አንቺስ ለአጫጆቹ ሎሚ ውኃ ስታዳርሺ አልዋልሽም?»

«ውያለሁ።»

«ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው?»

ላቮን ፓዩን ወደ ጠረጴዛው መሐል ገፋችው። «ያኔ ማሳው ላይ ስንዴ ነበር» አለች። «አሁን የምታጭዱት ምኑን ነው?»

ሮዳ ወደ ሌሎቹ ዞረች።

«እንግዲህ የፈተና ክፍል ቁልፍ ከያዘች ወዲህ የመንግሥተ ሰማያቱንም የያዘች መስሏታል!»

ሳቁ ቤቱን ሞላው። ካሪስ ግን ጊዜው እየሄደባት ነውና አልሳቀችም። «ሽሽሽ፣ አንዴ ዝም በሉ» አለችና ጥያቄውን ጮክ ብላ አነበበች። የአንድ ሕፃን ክብደት ተሰጥቷል፤ በኪሎ ይህን ያህል መድኃኒት ቢታዘዝለት፣ ከጠርሙሱ ስንት ሚሊ ሊትር ሽሮፕ ይቀዳለታል? «ይሄማ የልጅ ጨዋታ ነው» ብላ ዓይኗን ሳታሽ መልሱን ጻፈች። ኬንድራ ኮምፒውተሩን አላየችም። ከሳህኗ ላይ አንዷን ቬሬኒከ በሹካ ወዲያና ወዲህ ትገፋታለች። በነሐሴ ነርሲንግ የምትገባው እሷ ናት።

ነጥቡ ወጣ። «ተሸጠ!» አለ ጌለን ጠረጴዛውን በመዳፉ መትቶ። አጨበጨቡ። ሮዳ የልጇን ራስ ሳመች። «የኔ ነርስ! ሁለት ኮርስ ባንዴ!»

ከዚያ ጌለን እጁን ዘረጋ፤ ሁሉም እጅ ለእጅ ተያይዘው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጌታ ሆይ፣ ስለዚህ ማዕድ፣ ስለ ሰጠኸንም ብልህ ልጆች እናመሰግንሃለን» ብሎ ጸለየ፤ ድምፁ ከልቡ ነበር። ላቮንን ያንገሸገሻት ይኸው ነው። ቢያፍሩ፣ መጋረጃ ቢዘጉ፣ እሷ ስትገባ ኮምፒውተሩን ቢደብቁ ይሻላት ነበር። ይህ ግን በመረቅ ታጥቦ፣ በጸሎት ተባርኮ፣ ከዳቦው ጋር ቀርቧል። አሜን ማለት አቃታት። አንድ ጉርሻ አፏ ውስጥ አደረገች፤ አላመጠችው፤ አልወርድ አላት። ማንም ሳያይ መሐረብ ላይ ተፋችው። አፏ ውስጥ የቀረው ጣዕም የዚያ የድሮው ጎተራ ነበር።

በማግሥቱ የምዝገባው ኃላፊ ስታኪ ቢሮው ጠራት። ስታኪ ሳቂታ ሰው ነው፤ ስኳር የተነሰነሰበት ዶናት በእጁ ይዞ በሌላው ኮምፒውተሩን ያዞርላታል።

«ላቮን፣ ነይ ጉድ እይ! የኛ አገር ልጅ ሁሉ ሊቅ ሆኗል። እንዲህ ያለ ነጥብ አይተን እናውቃለን?»

«አናውቅም።»

«ያንቺን ማጣሪያ ዘንድሮ አንሥተነዋል። በዚህ ነጥብ ማንን ልታጣሪ ነው? ልጆቹን ማስቸገር ነው።»

«ስታኪ፣ እነዚህ ልጆች ባንድ ጠረጴዛ ዙሪያ…»

«እ-እ!» እጁን አነሣ። «ያልሰማሁትን አላውቅም።»

«ላሰማህ እኮ ነው።»

«እኔ ደግሞ ደሞዝ የሚከፈለኝ ላለመስማት ነው» ብሎ በቀልዱ ራሱ ሳቀ። «ስሚ እህቴ፣ አታካብጂው። በመንገዱ ማዶ ያለው ኮሌጅ ከኛ የበለጠ ክሬዲት ካደለ ልጆቹ ወደዚያ ነው የሚነጉዱት። ያላወቀ ገብቶ ይወድቃል፤ ያኔ የመምህሩ ጉዳይ ነው።»

«ነርስ የሚሆኑትስ?»

«ምን ሆኑ ነርሶቹ?»

ላቮን ከንፈሩ ላይ የቀረውን ስኳር አየች። በምላሱ ጠረገው። ይህ ሰው ክፉ እንኳ አይደለም፤ የታመመ ሰው ሲኖር አበባ ይዞ ቀድሞ የሚደርስ ነው።

«የኔ ክፍል እንደ ወትሮው ክፍት ነው» አለች።

«ይሁን፣ ክፈቺው! ማን ሊመጣልሽ?»

ማንም አልመጣም። ሰኞና ማክሰኞ ከመስተዋቱ ጀርባ ተቀምጣ ባዶ ወንበሮች ጠበቀች። ጥላቻዋ ራሷን አስፈራት። መጸየፍ ቀላል ነው፤ አፍንጫ ይዞ መቆም ማንንም አያድንም። «ጌታ ሆይ» አለች በልቧ፣ «ከመጸየፍ የሚሻል ነገር ስጠኝ።»

ረቡዕ እንደ ልማዷ እናቷን ልታበላ ወደ አረጋውያን መጦሪያው ሄደች። እናቷ ሊና መናገር ካቆመች ቆይታለች። ኬንድራ በዚያ ክረምት እዚያው በረዳትነት ትሠራ ነበርና የአያቷን ትሪ ይዛ ገባች። ላቮንን ስታይ ከበሩ ላይ ቆም አለች።

«አክስቴ… ተናገርሽ እንዴ?»

«ለማን?»

«ለኮሌጁ።»

«ሞከርኩ። መስማት አልፈለጉም።»

ኬንድራ በእፎይታ ተነፈሰች፤ ግን እፎይታው ፊቷ ላይ አልቆየም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና የተፈጨውን የፖም ገንፎ በማንኪያ አነሣች። አሮጊቷ አፏን ከፍታ ጠበቀች፣ ዋጠች፣ እንደገና ከፈተች።

«ምን እንደምሰጣት አትጠይቀኝም» አለች ኬንድራ በመጨረሻ። «የሰጠኋትን ትውጣለች።»

«አዎ።»

«ያ የሽሮፑ ጥያቄ… ካሪስ የልጅ ጨዋታ ነው ስትል እኔ ምኑም አልገባኝም። ማባዛት ይሁን ማካፈል እንኳ። ከዚያ ወዲህ ሳልተኛ ነው የማድረው። እማዬ ደግሞ ለሰው ሁሉ አውርታ ጨርሳለች። አጎቴ ጌለን ትናንት ነዳጅ ማደያው ላይ “ዶክተር!” ብሎ ሲጠራኝ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።»

«ማጣሪያው ግዴታ መሆኑ ቀርቷል፤ የኔ ክፍል ግን ክፍት ነው» አለች ላቮን።

«መጥቼ ብወድቅስ?»

«ነጥብሽን እመዘግበዋለሁ፤ ክሬዲቱ ይቀራል፤ ከታችኛው ሒሳብ ትጀምሪያለሽ። ነርሲንጉ ለመጪው ዓመት ይሸጋገራል።»

«አንድ ዓመት!» ማንኪያው ከትሪው ጋር ተጋጨ። «እማዬ ትገድለኛለች። በዚያ ላይ አንዷ ከወደቀች ሌሎቹንም ይጠረጥሯቸዋል ይሉኛል። ካሪስ ትጠላኛለች።»

«ሊሉሽ ይችላሉ።»

«“አይዞሽ፣ ማንም ምንም አይልሽም” አትዪኝም እንዴ?»

«እሱን ብልሽ ውሸት ነዋ።»

ልጅቷ ሳታስበው ሳቀች፤ ከሳቁ ጋር እንባዋ መጣ። በእጅጌዋ ጠረገችው። አያቷ ማንኪያው ስለዘገየባት አፏን እንደከፈተች ትጠብቃለች፤ ኬንድራ ቶሎ ብላ አጎረሰቻት።

«ብወድቅ፣ ለታችኛው ሒሳብ ካሪስ እስከ ነሐሴ ታስጠናኝ ብል… ያም ማታለል ነው?»

«እንዴት ተደርጎ? እሷማ የተሰጣት ለዚያ ነው።»

«ቀላል ቀላሉን አታወጪልኝም አይደል?»

«ጥያቄውን የሚመርጠው ማሽኑ ነው። እኔ የምቀበልሽ ስልክሽን ብቻ ነው።»

ኬንድራ ገንፎውን እስከ መጨረሻው አበላች። የአያቷን አገጭ በእርጥብ ጨርቅ ጠረገች፣ ትሪውን አነሣች፣ መልሳ አስቀመጠችው።

«እሺ፣ ነገ ሐሙስ ከሥራ በኋላ እመጣለሁ» አለች። «እማዬ ግን እንዳትሰማ።»

«እኔ አልነግራትም» አለች ላቮን። «የምትነግሪያት አንቺ ነሽ።»

በመተላለፊያው የመድኃኒት ጋሪ እየተንኳኳ አለፈ። ኬንድራ ድምፁ እስኪርቅ ጠበቀች።

«የምነግራት ከፈተናው በፊት ነው በኋላ?»

ላቮን የእናቷን አንገትጌ አስተካከለች።

«በፊት» አለች ኬንድራ። «ዛሬ ማታ እነግራታለሁ።»