ሰጋቱራ የለመደችው ድመት

የሰፈሩ ሰው አናጢውን በስሙ አይጠራውም፤ «ጋሽ ሚሊሜትር» ነው የሚለው። ስሙን ያወጣለት ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ አንድ መስታወት ሊሰቅልለት መጥቶ ግማሽ ቀን ሲለካ ስለዋለ። እጁ ወርቅ መሆኑን የሚክድ የለም። የሠራው በር ድምፅ ሳያሰማ ይዘጋል፣ የሠራው መሳቢያ በአንድ ጣት ይሳባል። ችግሩ ሌላ ነው፤ ይህ ሰው በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ተሳስቶ አያውቅም። በሩ አልገጥም ካለ ግድግዳው ነው የተጣመመው። ጠረጴዛው ከተወላገደ ሳይደርቅ የተሸጠለት እንጨት ነው። ሠርግ ቤት ዘግይቶ ከደረሰም ጥፋቱ የጥሪ ወረቀቱ ነው።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው አንድ ቀን ለእንስሳት ክሊኒክ መደርደሪያ ገጥሞ ሲመለስ ጃኬቱ ውስጥ ግልገል ድመት ወሽቆ ከች ያለው። የእንስሳት ሐኪሟ ከውሃ መውረጃ ቦይ ውስጥ ያወጣቻት፣ ከመዳፉ የማትተርፍ ነገር ነበረች። ቀለሟ ሁለት እጅ የተቀባ ቫርኒሽ ስለሚመስል ስሟን እዚያው መንገድ ላይ «ቫርኒሽ» ብሎ አውጥቶ ጨርሷል። ለሚስቱ አይጥ እንጨቱን እየበላ አስቸገረኝ አላት። ሚስቱ ነርስ ናት፤ ሰው ሁሉ፣ እሱም ጭምር፣ «ሲስተር» ይላታል። በዚያ ቤት አይጥ እንደሌለ ታውቃለች። ልጃቸው ለትምህርት ከሄደ፣ የመጨረሻው ሠራተኛም የራሱን ሱቅ ከከፈተ ወዲህ ባሏ ከመጋዙ ጋር ብቻውን እንደሚያወራም ታውቃለች። ስለዚህ ስለ አይጡ ብዙ አልጠየቀችም።

«ቀኑን ሙሉ ሆስፒታል ሽታ ሳሸት ነው የምውለው» አለችው። «ሐኪሟ በወሩ ልትከትባት ትመጣ የለ? እስከዚያ ቤቴ አንድ ቀን ከሸተተኝ ይዛት ትሄዳለች።»

እሱ ወር ምን ያደርግልኛል፣ ለኔ ሳምንት ይበቃል ብሎ ደረቱን ነፋ።

እውነትም በሥልጠናው የሚታማ ሰው አልነበረም። መጀመሪያ የምትፀዳዳበትን ሳጥን ሠራላት፤ ያለ አንድ ምስማር፣ ማዕዘኑ እርስ በርሱ ተቆላልፎ፣ ጠርዙ እግሯን እንዳይቧጥጣት ሦስት ጊዜ በብርጭቆ ወረቀት ታሽቶ። ሐኪሟ ውስጡ ደቃቅ አሸዋ አድርግበት ብላው ነበር። ጋሽ ሚሊሜትር ግን ሳቀ። ከመጋዙ ሥር እንደ ዱቄት የላመ ሰጋቱራ በየቀኑ በጆንያ እያወጣ አሸዋ ፍለጋ የሚዞረው ምን ነክቶት ነው? ሳጥኑን በሰጋቱራ ሞላው። በበላች ቁጥር ተሸክሞ ወስዶ ያስቀምጣታል፣ በጣቱ ሰጋቱራውን ጫር ጫር አድርጎ ያሳያታል። በሦስተኛው ቀን ራሷ ሄደች። ጫረች፣ ተፀዳዳች፣ አለባብሳ ወጣች። ልቡ ቅቤ ጠጣ።

ሌላውንም አስተማራት። ጣቱን ስትነክስ እጁን ቀስ ብሎ ይሰበስብና በጨርቅ የታጨቀ ካልሲ ይሰጣታል። የሶፋውን እግር መቧጠጥ ስትጀምር ትርፍ ጣውላ አቁሞ ገመድ ጠመጠመበትና የራሷ መቧጠጫ አደረገላት። በእርሳስ ጣውላ ላይ ጠቅ ጠቅ ካደረገ ከየትም ብትሆን ሮጣ ትመጣለች፤ ምክንያቱም ከዚያ ድምፅ ቀጥሎ ቁራጭ የተቀቀለ ሥጋ እንዳለ ገብቷታል። ፀጉር አስተካካዩ ቤት ቁጭ ብሎ አፉን ሞልቶ አሥራ ዘጠኝ ሠራተኛ አሠልጥኛለሁ፣ በአንድ ጊዜ የሚገባው እንደሷ አላጋጠመኝም ይላል። ፀጉር አስተካካዩም ታዲያ መጋዝ መቼ ነው የምታስይዛት ይለዋል።

በሦስተኛው ሳምንት፣ አደገች፣ ሠለጠነች ብሎ ከቤቱ ወደ ሥራ ቦታው የሚያስገባውን በር ከፈተላት። ጉዱ የመጣው እዚህ ላይ ነው። በማግስቱ ከመጋዙ ሥር እርጥብ ነገር አገኘ፤ ውሃ ነው ብሎ አለፈው። በሦስተኛው ቀን ከተደረደሩት ጣውላዎች ኋላ አገኘ፤ ይሄኛው ውሃ አልነበረም። ተቆጣት። ምን ሆንክ በሚል ዓይን አየችው። ከዚያ ወዲያ ሲስተር ሳታይ እየተደበቀ መጥረግ ሆነ ሥራው፤ በዚህ ዕድሜው።

መደበቅ ደግሞ የሚዘልቅ ነገር አይደለም። ለአንዲት መምህርት የሚሠራው ባለ አምስት መሳቢያ ቁም ሳጥን አልቆ ነበር። መምህርቷ ልታየው መጣች፣ ሲስተርም ምርቃት ይሁን ብላ ሻይ ይዛ ከኋላ ገባች። ጋሽ ሚሊሜትር እንደ ልማዱ በአንድ ጣት ይሳባል እያለ የላይኛውን መሳቢያ ሳበው። ሽታው ቤቱን ሞላው። መምህርቷ ጨዋ ሰው ናት፤ መሀረቧን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ይሄ አዲስ ዓይነት ሙጫ ነው እንዴ ብላ ጠየቀች።

ሲስተር ሻዩን እንደያዘች እንግዳዋን እስከ በር ሸኘቻት። ከዚያ ሻዩን አስቀምጣ፣ «ነገ ሐኪሟ ትመጣለች፤ ይዛት ትሂድ» አለች።

እሱም አላረፈም። ከቦይ የወጣች፣ አስተዳደግ የሌላት ድመት፣ እኔ ምን ላድርጋት አለ። ይህን ሲል ቫርኒሽ እግሩ ላይ ተጠምጥማ ነበር። ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ራሱኑ ቆረጠመው። ነገ በዚህ ሰዓት ይህ እግሩ ባዶ እንደሚሆን ታየው።

ከሰዓት በኋላውን ሥራ ፈትቶ ሥራ ቦታው ውስጥ የምስማር ሳጥን ገልብጦ ተቀመጠ። ሐሳቡ እጅ ከፍንጅ ሊይዛትና ለመጨረሻ ጊዜ ሊያስተምራት ነው። ቫርኒሽ ገባች። የተጠረገውን ሲሚንቶ አልፋ ሄደች። የተጣለውን አሮጌ ምንጣፍ አሸተተችና ተወችው። መሰርሰሪያው ሥር አንድ እፍኝ የማይሞላ ሰጋቱራ ነበረች። እዚያ ደረሰች፣ ጫረች፣ ተቀመጠች፣ አለባብሳ ጨረሰች፤ ልክ በጣቱ እንዳሳያት።

ጋሽ ሚሊሜትር ክው አለ። ከመጋዙ ሥር ምን ነበር? ሰጋቱራ። ከጣውላዎቹ ኋላስ? ሰጋቱራ። መሳቢያውንም ለመያዣው ቀዳዳ ሲበሳ ውስጡ የረገፈውን ሳይጠርግ ክፍቱን አሳድሮት ነበር። ባዶ ሲሚንቶ ላይ አንድ ቀን ነክታ አታውቅም። ይቺ ድመት አንድም ቀን አላጠፋችም፤ ሰጋቱራ ያለበት ቦታ ሁሉ የሷ መፀዳጃ መሆኑን ያስተማራት እሱ ነው፣ ቀጥሎም ሰጋቱራ ወደሞላው ቤት በሩን ከፍቶ ያስገባት እሱ ነው። ፊቱ በሐፍረት ጋለ። እዚያው ሐፍረቱ ውስጥ ግን ኩራትም ነበረ፤ የተነገራትን ሳታዛንፍ የያዘች፣ ምን ዓይነት ተማሪ ናት!

በማግስቱ ሐኪሟ ክትባቷን ይዛ መጣች። ሲስተር የድመቷን ሳህንና ካልሲ በር ላይ አዘጋጅታለች፤ መንገድ ላይ እንዳይበርዳት ብላ የራሷን ሻርፕ አክላበታለች። ሐኪሟ ምን ተፈጠረ ብላ ጠየቀች፣ ሲስተር ወደ ባሏ አየች። ምክንያት ሞልቶት ነበር። ቦዩ አለ፣ ዘሯ አለ፣ አየሩ አለ። አንዱንም አላነሳም።

«ዶክተር፣ ድመቷ አላጠፋችም» አለ። «አንቺ አሸዋ አድርግ ስትይኝ ሰጋቱራ አደረግኩ። እሷ ያስተማርኳትን ነው የሠራችው። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሲስተር ትኩሳት እንዳለበት በሽተኛ ትክ ብላ አየችው። ሐኪሟ ይህ የሚቃና ነገር ነው አለች፤ የሥራ ቦታው ይጠረግ፣ ሳጥኑ ውስጥ ደግሞ ሰጋቱራው በየቀኑ እፍኝ በእፍኝ እየተቀነሰ በአሸዋ ይተካ፣ ድመት ድንገተኛ ለውጥ አትወድም። ሲስተር ሻርፗን ከካልሲው ላይ አነሳችና አሥር ቀን እሰጣችኋለሁ ብላ ወሰነች።

ጋሽ ሚሊሜትር የሥራ ቦታውን ሁለት ቀን ጠረገ። ሲስተር የሲሚንቶው ወለል ቀይ መሆኑን ያን ጊዜ አወቀች። የመምህርቷን መሳቢያ እንደ አዲስ ሠራ፣ የሸተታትም ሙጫ እንዳልሆነ ነገራት፤ ስትስቅ አብሯት ሳቀ። አሸዋውን በእፍኝ ጨመረ፣ ሰጋቱራውን በእፍኝ ቀነሰ። በአራተኛው ቀን ቸኩሎ ሦስት እፍኝ አደረገና ቫርኒሽ ሳጥኑ ጫፍ ቆማ ጮኸችበት፤ ይቅርታ አላትና ሁለቱን መልሶ አወጣ። በዘጠነኛው ቀን ሳጥኑ ውስጥ አሸዋ ብቻ ቀረ።

በአሥረኛው ቀን ሲስተር ራሷ ከጆንያው ሰጋቱራ ቀድታ የሥራ ቦታው መሀል ከመረች፤ የአሸዋውን ሳጥን ጥግ ላይ አደረገች፤ ወንበር ስባ እጇን አጣምራ ተቀመጠች። ቫርኒሽ በልታ ገባች። ክምሩን አሸተተች። አንድ ጊዜ በእግሯ ነካ አደረገችው። ሰውየውን ላብ አጠመቀው፤ ጠቅ ጠቅ አድርጎ ሊጠራት አማረውና እንዳያጭበረብር እርሳሱን ኪሱ ከተተ። ቫርኒሽ እግሯን አራገፈች፣ ክምሩን ዞረችው፣ ቀጥ ብላ ወደ ጥጉ ሄደች። አሸዋው ሲጫር ከዚያ የጣመ ድምፅ በዕድሜው አልሰማም። ስትጨርስ መጥታ የሲስተር ጫማ ላይ ተሻሸች።

«ትቀመጥ» አለች ሲስተር፤ ሌላ ቃል ሳትጨምር ወጣች።

እሱ ትንሽ ቅር አለው። እንዲህ ላለ ሥራ አንድ ምርቃት አይገባም? ድመቷን ታቅፎ ወደ ቤት ሲገባ ሲስተር ኩሽና ሆና ከእህቷ ጋር በስልክ ታወራለች። ድምፅዋ ደምቋል፤ ስለ ቫርኒሽ መሆን አለበት ብሎ ሊሰማ በር ላይ ቆመ።

«የድመቷን ተይው፣ እሷማ ድመት ናት» ትላለች ሲስተር። «እኔ የምነግርሽ ስለሱ ነው። ሠላሳ ዓመት አብሬው ስኖር ያልሰማሁትን፣ እንግዳ ሰው ፊት ቆሞ 'ጥፋቱ የኔ ነው' አለ። ድመቷን ጥሎ ማምለጥ ይችል ነበር እኮ። አልጣላትም። ባል አለኝ ስልሽ።»

ጋሽ ሚሊሜትር ቫርኒሽን ደረቱ ላይ ጠበቅ አድርጎ እዚያው ቀረ። ስለ በሩ፣ ስለ ጠረጴዛው፣ ስለ መሳቢያው ዕድሜውን ሙሉ ተመስግኗል። እንደዚህ ኮርቶ ግን አያውቅም።