አርባ ስድስት ትንፋሽ

ሰብሌ የሰው ትንፋሽ መቁጠር ማቆም ካቃታት ሦስት ወር ሊሞላት ነው። ሥራዋ ስለሆነ በሥራ ሰዓት ብትቆጥር ማንንም አይገርምም። እሷ ግን ከጋሸና ወደ ላሊበላ በሚመጣው ሚኒባስ ውስጥ ራሱን መስኮቱ ላይ ጥሎ የተኛውን በግ ነጋዴም ትቆጥራለች። ቅዳሴ ቆማ ከፊቷ ያለችውን ሴት ትከሻ ትቆጥራለች። እናቷ ከምሳ በኋላ ጋደም ሲሉ አጠገባቸው ቁጭ ብላ ትቆጥራለች። አዋቂ ሰው በደቂቃ አሥራ ስድስት፣ ቢበዛ ሃያ ጊዜ እንደሚተነፍስ ከማንም በላይ ታውቃለች። የእሷ ቁጥር ግን ሁልጊዜ አርባ ስድስት ይደርሳል። በእናቷ ትንፋሽ መሃል ሌላ ትንሽ ትንፋሽ፣ አጠር ያለ፣ የቸኮለ፣ እየገባ ደቂቃዋን ይሞላታል። አርባ ስድስት ሲል ዝም ይላል።

ዝምታው ነው የሚያስፈራት። ለማንም አልተናገረችም። ምን ብላ ትናገር?

የላሊበላ ልጅ ናት። አባቷ አስጎብኚ ነበሩ። እሷ ነርስነት ተምራ ስትመለስ ጎብኚ ጠፍቶ ሆቴሉ ሁሉ በሩን ዘግቶ ነበርና፣ ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ጥናት መረጃ ሰብሳቢ ሲፈልግ ዕድሌ ቀናኝ ብላ ተቀጠረች። የጥናቱ ጥያቄ ቀላል ነው፤ መልሱ ነው ከባዱ። የሳንባ ምች ክትባት የወሰደን የደጋ ልጅ ክትባቱ ለምን ያህል ጊዜ ይጠብቀዋል? አየር በሳሳበት ከፍታ ላይስ ሳንባው እንዴት ያድጋል? ለዚህ ብላ ሰብሌ በየወሩ ከአሸተን ማርያም በታች ወዳለችው ጥድ አምባ ትወጣለች። ከሕፃናቱ ጥቂት ጠብታ ደም ትወስዳለች። የተኛ ልጅ አፍና አፍንጫ ላይ ለስላሳ ጭምብል አድርጋ ትንፋሹን ትለካለች። መሣሪያው ትንፋሹን ታብሌቱ ላይ ተራራና ሸለቆ አድርጎ ይስለዋል። እናቶቹ ሥዕሉን ይወዱታል፤ የእኔ ልጅ ተራራ ከአንች ልጅ ይበልጣል እየተባባሉ ይሳሳቃሉ።

የታመመ ልጅ ስታገኝ ደግሞ ደረቱን ገልጣ፣ መቁጠሪያ ሰዓቷን ከፍታ፣ አንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሹን ትቆጥራለች። ደንቡን እንደ አቡነ ዘበሰማያት በቃሏ ይዛዋለች። ዓመት ያልሞላው ልጅ በደቂቃ ሃምሳና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ የሳንባ ምች ነው፤ መድኃኒት ይጀመርለታል። ዓመት የሞላው ከሆነ ግን አርባ ይበቃል።

መስከረም ሃያ ቀን ፀሐይቱ ልጇን ታቅፋ ጤና ኬላው በር ላይ ጠበቀቻት። እድላዊት ትባላለች፤ ፀሐይቱ ሁለት ጊዜ ካስወረዳት በኋላ ያገኘቻት የመጀመሪያ ልጇ ናት። ታስላለች፣ ትኩሳትም አላት። ሰብሌ ስንት ወሯ እንደሆነ ጠየቀች። ፀሐይቱም አሥር ወር አልፏታል፣ የኅዳር ሚካኤል ልጅ አይደለች እንዴ አለቻት። ታብሌቱም የሚለው ኅዳር አሥራ ሁለት ነው። ሰብሌ ቆጠረች፤ አርባ ስድስት ሆነ። ሃምሳ አልሞላም። ጉንፋን ነው፣ ደህና ናት፣ ጡት አብዝተሽ ስጫት፣ ከባሰባት ቶሎ አምጫት ብላ ሸኘቻቸው። እድላዊት ያን ቀን እንኳ ከእናቷ እቅፍ ወርዳ ድክ ድክ ትል ነበር። በአሥር ወሯ! የደጋ ልጅ ጉልበት ሲያምር ብላ ሰብሌ ጉንጯን ነካ አደረገቻት።

በማግስቱ ማታ ባሰባት። በሦስተኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ አባቷ ከፋለ በጋቢው ጠቅልሎ ወደ ላሊበላ ይዟት ሲወርድ፣ ሆስፒታሉ ሳይደርስ መንገድ ላይ ሞተች።

ሰብሌ ለቅሶ ስትደርስ ፀሐይቱ እጇን ያዘቻት። “ያን ቀን ደህና ናት ብለሽኛል። ደህና ነበረች?” አለቻት። ሰብሌ ደህና ነበረች አለች፤ ከልቧ አምና ነው ያለችው። ከዚያ ወዲህ ግን በወጣች ቁጥር ፀሐይቱ ከአጥሯ ሥር ብቅ ትልና ያችኑ ጥያቄ ትጠይቃለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም። ቁጣ ቢኖርበት ለሰብሌ በቀለላት ነበር። ቁጥሩም ከዚያ ሰሞን ጀምሮ ነው የተጠናወታት።

ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ዶክተር ኢያቄም ከአዲስ አበባ ደወለ። የጥናቱ መሪ ነው። ደግ ሰው ነው፤ ብቻ ጥሩ ቁጥር ሲያይ ሠርግ ቤት የገባ ይመስለዋል። የጥድ አምባ ሴት ሕፃናት ሳንባ ከወንዶቹ ቀድሞ ያደገ ሆኖ አግኝቶታል። በዕድሜያቸው ከሚጠበቀውም በለጠ። ይህን የትም አላየሁም፣ ለዓለም አቀፍ ጉባኤ ነው የማቀርበው አላት። ሆኖም ጠንቃቃ ነውና ከማቅረቡ በፊት የሕፃናቱን የልደት ቀን ከሌላ መዝገብ ጋር እንድታመሳክር አዘዛት። ልጆቹ የተወለዱት መንገድ ተዘግቶ ጤና ኬላውም ሳይከፈት በከረመበት ዓመት ስለነበር እናቶቹ ቤታቸው ነው የወለዱት። ታብሌቱ ላይ ያለው ቀን ሁሉ የእናት ቃል ነው። ሌላ መዝገብ ያላቸው የአሸተን ማርያሙ ቄስ ጽጌማርያም ብቻ ናቸው።

ሰብሌ ዳገቱን የያዘችው በቀትር ነበር። የመንደሩ አሮጊቶች በቀትር ብቻሽን አትውጪ ይሏታል፤ እሷ ትስቅባቸው ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ ትንፋሿ ሲቆራረጥ ድንጋይ ላይ አረፍ አለች። የራሷ ትንፋሽ ቀስ በቀስ ረጋ። ከጀርባዋ ያለው ግን አልረጋም። አጠር አጠር እያለ፣ እየቸኮለ ቀጠለ። ዞር ብላ አላየችም። ብታይ ምንም እንደማይኖር ታውቃለች፤ ምንም አለመኖሩን ማየት ነው ያቃታት። ተነስታ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ያለ እረፍት ወጣች።

ቄስ ጽጌማርያም ከዕቃ ቤቱ ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። መስቀል ተሳልማ የመጣችበትን ስትነግራቸው ማዕዘኑ የተበላ ደብተራቸውን አመጡላት። ሰብሌ ታብሌቱን ከደብተሩ ጎን አድርጋ አንድ በአንድ አስተያየች። የመጀመሪያው ልክ ነው። ሁለተኛው ልክ ነው። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም። አንድ ቀን እንኳ ዝንፍ ያለ የለም። ደስ አላት፤ ከሦስት ወር ወዲህ የመጀመሪያው ደስታዋ ነበር። ልደታቸውን እንዲህ አጥርተው መመዝገብዎ ብላ ቄሱን አመሰገነቻቸው።

“የምን ልደት ነው፣ ልጄ?” አሉ ቄሱ። “ክርስትና የተነሱበት ነው እንጂ። ወንዱ በአርባ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀኗ።”

ሰብሌ ያልሰማች ይመስል እናቶቹ ለእኔ የተወለዱበት ብለው የነገሩኝ ይህንኑ ቀን ነው አለቻቸው። ቄሱ የሚያስገርም ነገር አላዩበትም። በዚህ አገር ያልተጠመቀ ልጅ ዕድሜው እንደማይጠራ አስረዷት፤ ስም የለው፣ ማተብ የለው፣ ለዓይን የተጋለጠ ነው። እናትም ብትሆን እስኪጠመቅላት አፏን ትይዛለች። ልጁ ስንት ጊዜው ነው ሲባል የሚቆጠረው ከክርስትናው ነው።

ሴቶቹ በሰማንያ ቀን፣ ወንዶቹ በአርባ ቀን ከተጻፈው ይበልጣሉ ማለት ነው። ትልቅ ልጅ ትልቅ ሳንባ አለው፤ የኢያቄም ግኝት ይኸው ነው፣ ሌላ አይደለም። ግን ሰብሌ ኢያቄምን ከዚያ በላይ አላሰበችውም። ደብተሩን ማገላበጥ ጀምራ ነበር። ኅዳር አሥራ ሁለት። ወለተ ሚካኤል፣ የፀሐይቱ ልጅ።

ከኅዳር አሥራ ሁለት ሰማንያ ቀን ወደ ኋላ ቆጠረች። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ወደቀ። መስከረም ሃያ ቀን ደረቷን ገልጣ ስትቆጥርላት እድላዊት ዓመቷን ደፍና አሥራ ሦስተኛ ወሯን እየጨረሰች ነበር። ልኳ አርባ ነበር፤ ሃምሳ አልነበረም። በስድስት ትንፋሽ አልፋው ነበር። መድኃኒቱም እዚያው ጤና ኬላው ውስጥ፣ ከሰብሌ ጀርባ መደርደሪያው ላይ ነበር።

ኢያቄም ባያውቅ አይፈረድበትም፤ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ነው። እሷ ግን የስንቱን ክርስትና ድግስ በልታለች? በአሥር ወሯ ድክ ድክ የምትል ልጅ አይታ ጉልበት ሲያምር ብላ እንዴት ታልፋለች? ሰብሌ ቄሱ ፊት አለቀሰች። እሳቸውም ምክንያቱን ሳይጠይቁ አጠገቧ ተቀመጡላት።

ለኢያቄም ከዚያው ከደጃፉ ደወለች። የቄሱን ደብተር ነገር ነገረችው። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት፤ በዚህ ስሕተት የጎዳነው ልጅ አለ ወይ አላት። አንድ አለች አለችው። ሁሉንም ቀን ከቄሱ ደብተር ላይ አርባ ወይም ሰማንያ ቀን እየቀነሰች እንድታርም ነገራት፤ ጉባኤውን አላነሳም።

እንግዲህ እናቶቹን ሳትጠይቅ፣ ማንም ሳያውቅ ቁጥሩ ሊታረም ይችላል ማለት ነው። ዳገቱን ስትወርድ ያሰበችው ይህን ነው። ለፀሐይቱ ምን ብላ ትነግራታለች? ልጅሽ የሞተችው አሥር ወር ስላልሽኝ ነው ትበላት? ይህን ተሸክማ የምትኖር እናት አለች? ዝም ብትል ደግሞ ያ ጥያቄ በየወሩ ከአጥሩ ሥር ይጠብቃታል። መንደሩ ስትደርስ ወስናለች። እውነቱን ትነግራታለች፤ ጥፋቱን ግን ሙሉ በሙሉ የራሷ ታደርገዋለች። ከዚህ የተሻለ መንገድ አልታያትም።

ፀሐይቱ ደጇ ላይ ገብስ ትለቅም ነበር። ነጠላዋ እንደ ዘቀዘቀችው ነው። ቀና ብላ ልትጠይቅ ስትል ሰብሌ ቀደመቻት።

“ፀሐይቱ፣ ደህና አልነበረችም።”

የፀሐይቱ እጅ ሰፌዱ ላይ ቆመ። ሰብሌ መሬት ላይ ከፊቷ ተቀምጣ ሁሉንም ነገረቻት። ሃምሳውን፣ አርባውን፣ ዓመቱን፣ መደርደሪያው ላይ የነበረውን መድኃኒት።

“መድኃኒቱን ብትሰጫት ትድን ነበር?” አለች በመጨረሻ።

ሰብሌ አላውቅም ልትል አማራት። “ብዙዎቹ ይድናሉ” አለች።

“ስንት ወሯ ነው ብዬሽ ነበር?”

“ዓመት አልፏታል ነው ያልሽኝ። አሥር ብዬ የጻፍኩ እኔ ነኝ።”

ፀሐይቱ አየቻት። የአንድ ሰው ፊት እንዲህ ሲረጋ ሰብሌ አይታ አታውቅም።

“አሥር ነው ያልኩሽ” አለች ፀሐይቱ። “የኅዳር ሚካኤል ልጅ ነው ያልኩሽ። ቃሌን አልረሳም።”

ሰብሌ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው እያለች መለመን ጀመረች። ፀሐይቱ በእጇ ዝም አሰኘቻት።

“የራስሽን ጥፋት ያዢ፤ የእኔን ግን አትውሰጂብኝ። ደሟን ወስዳችኋል። ትንፋሿን በዚያ ሰሌዳ ወስዳችኋል። ልብሷን ለነዳያን ሰጠን። ከእሷ የቀረኝ ይኸው ነው።”

ገብሱን ጥቂት ለቀመች። “ሰማንያውን ቀን ጓዳ ነበርን” አለች እንደገና፣ ለሰብሌ ይሁን ለራሷ ሳይለይ። “እኔና እሷ ብቻ። ሰው አላያት። ሳቅ የጀመረች ያኔ ነው። ለማንም አልነገርኩም፤ ፈርቼ።” ሰብሌ አፏን በነጠላዋ ይዛ አለቀሰች። ፀሐይቱ አላለቀሰችም።

ከዚያ ሰፌዱን አስቀምጣ ተነሳች። የአሰለች ልጅ ከትናንት ጀምራ ታስላለች፣ ነይ አለቻት። አሰለች ከአጥሩ ማዶ ያለችው ጎረቤቷ ናት። ከልጇ ሞት ወዲህ ፀሐይቱ የሰው ደጅ ረግጣ አታውቅም፤ አሁን ከሰብሌ ቀድማ ሄደች። አሰለች ሁለቱን አንድ ላይ ስታይ ደንግጣ ልጇን ከጀርባዋ አወረደች። ልጅቷ ዓይኗ ፈዟል፣ አፍንጫዋ ከፈት ከደን ይላል።

ሰብሌ ስንት ወሯ ነው አለች።

“አሥራ አንድ ወሯ ነው” አለች አሰለች።

“አይደለም” አለች ፀሐይቱ። “ከክርስትናዋ ነው የቆጠርሽ። የጓዳዋን ሰማንያ ቀን ደምሪበት። እኔ ሳልደምር ነው የቀበርኳት።”

ሰብሌ የልጅቷን ደረት ገልጣ ሰዓቷን ከፈተች። አሰለች አንዴ ፀሐይቱን አንዴ ልጇን አየች፤ ከዚያ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች በጣቶቿ ወደ ኋላ መቁጠር ጀመረች።