ዘይት የማታንጠባጥበው የኦብሪ መኪና

መኪና የተሠራው ሰውን ካለበት ወደሚሄድበት ለማድረስ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። ለዚያ ጉዳይ አውቶቡስ አለ። የእኛ አሮጌ የእንግሊዝ ስፖርት መኪኖች ሁለት ወንበርና የጨርቅ ጣሪያ እንጂ ሌላ ምቾት አያውቁም። መንገዱን በመቀመጫህ ታነበዋለህ፤ በአርባ ማይል እየሄድክ መቶ የምትበር ይመስልሃል። ወንበሩን በኤሌክትሪክ እያሞቀ፣ ካፊያ ባየ ቁጥር መስኮት የሚዘጋ ሰው ነጂ አይደለም፤ ተጭኖ የሚሄድ ዕቃ ነው።

ፊሊፓ ከእነዚህ ዕቃዎች አንዷ ነበረች። አባቷ ኦብሪ በደርቢሻየሩ የአሮጌ መኪኖች ማኅበራችን የረጅም ጊዜ ወዳጄ ነው። ዘንድሮ መኪናው መንገድ ላይ እየቆመችበት፣ ፊሊፓ ደጋግማ ከምሳዋ ተነሥታ ሄዳ አምጥታዋለች። በመጨረሻ ፍርዷን ሰጠች፤ እሁድ በማኅበሩ ጉዞ አጠገቡ ትቀመጣለች፤ መኪናዋ አንዴ ከቆመች ለገበያ ትወጣለች።

«ቃል ገብተሃል አባዬ» አለችው ስትገባ። «ቀበቶው የታለ?»

«ቀበቶ የላትም። በሩን ያዢ።»

ዝናብ ጣለ። ጣሪያ የዘረጋ ግን አልነበረም፤ እንዲያ ያለ ሰው ማኅበራችን ውስጥ የለም። የኦብሪ መኪና አንዴ እንኳ ሳታስነጥስ ዳገቱን ወጣች። ከኋላው እየነዳሁ ሥጋት ገባኝ። አሮጌ መኪና ጸጥ ካለች፣ እንደ ሕፃን ልጅ ናት፤ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው።

ለምሳ መጠጥ ቤት ስንቆም፣ የግቢው ባለቤት እንዳይረግመን እያንዳንዳችን ከሞተራችን ሥር ካርቶን እናነጥፋለን። ስንወጣ የማን ዘይት ሰፋ ብሎ እንደፈሰሰ እናያለን፤ መከባበሪያችን ነው። ጡረታ የወጣችው የጥርስ ሐኪም ቴልማ የኦብሪን ካርቶን አንሥታ ገለባበጠችው።

«ይሄ ደረቅ ነው።»

«ዕድል ነዋ» አለ ኦብሪ።

«የምን ዕድል! ወይ ዘይት የለህም፣ ወይ ኅሊና የለህም። ኮፈኑን ክፈት!»

ከፈተ። ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው የድሮ ዕቃ ተነሥቶ፣ በቦታው የሳሙና መያዣ የመሰለ ኤሌክትሮኒክ ሳጥን ተቀምጧል። ዘይት እንዳይፈስ የሚያግደው ጎማ ሁሉ አዲስ ነው።

«ምን ላድርግ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ልጄ መኪናዬን ልታስሸጠኝ ነው።»

«በክብር ትሸጥ ነበር!» ብዬ ጮኽኩበት። «ነገ ደግሞ የወንበር ማሞቂያ አስገባላት!»

ፊሊፓ ጸጉሯን በፎጣ እያደረቀች ወጣች። «ምን ተበላሸ?»

«ምንም አልተበላሸም» አለች ቴልማ። «ችግሩም እሱ ነው።»

ከምሳ በኋላ ስንመለስ፣ ቁልቁለቱ ወገብ ላይ የእኔ መኪና ቆመች። ይቅርታ አልጠይቅበትም። ሁሉም ቆመ፤ ፔርሙዝ ተከፈተ፤ ራሶች ሁሉ ኮፈኑ ውስጥ ገቡ። አንዱ ባትሪ ነው አለ፣ ሌላው ካንዴላ። ፊሊፓ ብቻዋን ተቀምጣ ስትንቀጠቀጥ ቆየችና ሰልችቷት ወረደች።

«አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ኦብሪ ቀና ብሎ አያት። እናቷ ከሞተች ወዲህ ሁለቱ በስልክ የሚያወሩት ስለ መድኃኒቱና ስለ ብርዱ ብቻ እንደሆነ ነግሮኛል።

«ካርቡራቶር። ቤንዚንና አየር የሚጋቡት እዚህ ነው።»

«ታዲያ ምን አጣላቸው?»

«መካከላቸው ቆሻሻ ገብቶ ይሆናል። ፍቺው። ወደ ግራ። ቀስ! የሰው ንብረት ነው።»

መርፌ የማያሳልፍ ቀዳዳ ያላት ትንሽ የናስ ቁራጭ መዳፏ ላይ ወደቀች።

«ንፊባት።»

«በአፌ?»

«ታዲያ በምንሽ?»

ነፋች። ተፋች። አባቷ ፊት ተናግራው የማታውቀውን ስድብ ተሳደበችና እንደገና ነፋች። ገጥመን ሞተሩን ሳስነሣ መኪናዬ አገሳችና ጥቁር ጢሷን ፊቷ ላይ ለቀቀችባት። ፊሊፓ ጮኸች። የተቆጣች መስሎኝ መልስ ማዘጋጀት ጀምሬ ነበር፤ ለካስ ስቃ ነው።

«የእኛዋስ መቼ ነው የምትቆመው?» አለች ፊቷን እየጠረገች።

ሁሉም ሻዩን ማየት ጀመረ።

«የእኛዋ አትቆምም» አለ ኦብሪ በሐፍረት። «አሳድሼያታለሁ። ላንቺ ብዬ።»

«አትሸጥም» አለች ፊሊፓ። ኦብሪ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ያስገባኸውን ሁሉ ግን ታስወጣለህ። ቁልፉን አምጣ። ከዛሬ ጀምሮ የምነዳት እኔ ነኝ።»

«ልጄ፣ ፍሪሲዮኗ ጠባየኛ ናት፣ አንቺ...»

«እየሄድን ትነግረኛለህ።»

ማኅበርተኛው አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም። የተሸጠች መኪና አንዴ ትቀበራለች፤ ይሄ ሰው ግን በየእሁዱ ከመሪው ጎን ተቀምጦ ሊያለቅስ ነው። «ይሄ ዝርፊያ ነው!» አልኩ።

«ሞርቲመር፣ አፍህን ዝጋና ኮፈንህን ዝጋ» አለች ቴልማ።

ፊሊፓ ማርሹን ስታስገባ ሸለቆው ሁሉ ጮኸ። ኦብሪ ዓይኑን ጨፈነ። «ሁለተኛ! ሁለተኛ አልኩሽ እኮ! አሁን እግርሽን አንሺ... እንደሱ፣ እንደሱ...» እያለ ወረዱ። ኩርባው ከሸፈናቸው በኋላም ድምፁ ይሰማ ነበር።